ትንሿን በቀቀን ከመግዛታችን በፊት

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ፣ «ልዩ ልዩ» በተባለው የመጨረሻ አጀንዳ ሥር፣ አንድ ያልተጠበቀ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ጥያቄው «አባላት በመኖሪያ ክፍላቸው ወፍ ማሳደር ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም?» የሚል ነበር። ሰብሳቢው ፈገግ አለ፤ ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፤ አንድ ወንድማችንም ተነሥቶ «አገራችን ይህ ሁሉ ችግር እያለባት ስለ ወፍ መነጋገር ቅንጦት ነው» ሲል ተቃወመ። ተጨበጨበለት፤ ስብሰባውም በዚሁ ተዘጋ።

ስብሰባው ቢዘጋም ጉዳዩ አልተዘጋም። ጥያቄውን ያቀረብነው እኛ፣ በጂዳና በመካ መካከል በምትገኘው በባሕራ ቤት ተከራይተን የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ነን። ያቀረብነውም ለጨዋታ አልነበረም። ሁለት ወፎች በእጃችን ላይ ስለ ሞቱ፣ የሞቱበትም ምክንያት የእኛው አለማወቅ ስለ ነበረ፣ ከእኛም በኋላ ሌሎች አባላት ያንኑ ስሕተት ለመድገም ሲሰናዱ ስላየን ነው። ስለዚህ በስብሰባው ላይ ያልተሰጠንን ጊዜ በዚህ ገጽ ላይ እንወስዳለን። አንባብያንም እስከ መጨረሻው ታግሠው እንዲያነቡን፣ ከዚያ በኋላ እንዲፈርዱብን እንጠይቃለን።

ከግለሂስ እንጀምር።

ዓምና አንድ ዓርብ ከመካከላችን ሁለታችን ጂዳ ወደሚገኝ የወፍ ገበያ ሄድን። የሄድነው ልናይ እንጂ ልንገዛ አልነበረም። ከተደረደሩት የሽቦ ቤቶች በአንዱ ውስጥ፣ መላ አካላቸው አረንጓዴ፣ ምንቃራቸው ቀይ የሆነ ሁለት ትናንሽ በቀቀኖች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የአንደኛው ግንባር ደም የመሰለ ቀይ ነው። ሻጩ ከየት እንደ መጣን ባነጋገራችን ዐውቆ «እነዚህ የናንተው ናቸው፤ ከሐበሻ ነው የመጡት» አለን። ከዚያ በኋላ በዋጋ አልተከራከርንም። የወሩን የሥጋና የታክሲ ገንዘብ አዋጥተን፣ ወፎቹን ከነቤታቸው ይዘን ወደ ባሕራ ተመለስን።

ቤታችን ጠባብ ስለ ሆነ ሰው የማይተኛበት ቦታ ወጥ ቤቱ ብቻ ነበር፤ እዚያው ሰቀልናቸው። ማለዳ ሲንጫጩ መስማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አገር ቤት የነቃን ያህል ደስ ያሰኝ ነበር። የምንመግባቸው ሻጩ በፌስታል የሰጠንን የሱፍ ፍሬ ብቻ ነው። ዓርብ በመጣ ቁጥር ጓደኞቻችንን ጠርተን ቡና ቆላን፣ ዕጣን አጨስን፣ «ወፎቹም ወጉ ደረሳቸው» እያልን ቀለድን። በሦስተኛው ሳምንት ሴቷ ላባዋን ነፍታ ከሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠች፤ በማግስቱ ሞታ አገኘናት። ወንዱ ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ብቻ ቆየ።

በእነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ ምክር የጠየቅናት ከመካከላችን የአንዱን ታላቅ እኅት ነበር። ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የአሠሪዎቿን ወፎች አራት ዓመት ሙሉ የመገበች፣ ቤታቸውን ያጠበች እርሷ ናት። በስልክ የሆነውን ነገርናት። «የት ነው የሰቀላችኋቸው?» ስትል ጠየቀች። ነገርናት። «ቡናስ የምትቆሉት የት ነው?» አለች። እሱንም ነገርናት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እናንተ ተማሪዎች አይደላችሁም እንዴ?» አለችን።

ይህ አነጋገሯ አሳፈረን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ያላወቅነውን እርሷ በእጇ ሥራ ዐውቃዋለች። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ከፊሉ ከመጻሕፍት ያገኘነው ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ከእርሷ የተማርነው ነው።

ለመሆኑ የገዛነው ምን ነበር?

በቋንቋችን የበቀቀን ስም የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ያልገባውን የሚደግም ሰው ለመውቀስ ነው። በየክርክሩ «እንደ በቀቀን አታነብንብ» ስንባባል ኖረናል። ወፏን ራሷን ግን አናውቃትም፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚናገረውንም የማይናገረውንም በአንድ ስም ጠርተን እናልፋለን።

የገዛናቸው ወፎች በሳይንስ ስማቸው አጋፖርኒስ ታራንታ ይባላሉ። አጋፖርኒስ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «የፍቅር ወፍ» ማለት ነው፤ ዓረቦችም እንዲሁ «ጡዩር አልሑብ» ይሏቸዋል። ወገኑ 9 ዓይነት ነው፤ 8ቱ በዋናው የአፍሪካ ምድር፣ 1ዱ በማዳጋስካር ይኖራሉ። ታራንታ የሚለው ደግሞ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው የሚያስወጣው፣ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ ያለው የተራራ መተላለፊያ ስም ነው። ወፉ በዚህ ስም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1814፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ስለ ሐበሻ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስታንሊ የተባለ ሰው ባከለው ዝርዝር አማካይነት ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በተፈጥሮው የሚኖርበት አገር በዓለም ላይ የለም።

ርዝመቱ ከ16 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከወገኖቹ ሁሉ ትልቁ ነው። የወንዱ ግንባርና የዓይኑ ዙሪያ ቀይ ነው፤ የሴቷ ራስ ግን አረንጓዴ ብቻ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከሥሩ ጥቁር ይታያል። የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ነው፤ በአዲስ አበባ ዛፍ በበዛባቸው ግቢዎች ሳይቀር ይታያል። የጽድ ፍሬ፣ የሾላና የመሳሰለው ዛፍ ፍሬ፣ ልዩ ልዩ ዘር ይመገባል። የሚያድረውና የሚፈለፍለው በሽማግሌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን 25 ቀን ገደማ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም ከዋሻቸው የሚወጡት ወር ተኩል ገደማ ሲሞላቸው ነው።

አገራችን ያላት በቀቀን ይህ ብቻ አይደለም። ግንባረ ቢጫው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ሆዱ ብርቱካናማ የሆነው በስምጥ ሸለቆና በምሥራቁ ደረቅ አገር ይኖራል። ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላ የማየር በቀቀንና ራሰ ቀዩ የፍቅር ወፍ አሉ። በሰሜን ምዕራቡ ቆላ ደግሞ ጅራተ ረጅሙ፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው አረንጓዴ በቀቀን ይኖራል። ይህ የመጨረሻው በአፍሪካም በእስያም በተፈጥሮው የሚገኝ ሲሆን፣ ከሽቦ ቤት እያመለጠ በብዙ የዓለም ከተሞች ተራብቷል። ጂዳ ውስጥ በየዛፉ ላይ ሲጮኽ የምንሰማው እርሱ ነው።

እንግዲህ ከ1,300 ሜትር በላይ የተፈጠረውን የደጋ ወፍ፣ በጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በባሕራ ቆላ፣ ያውም ከምድጃ አጠገብ ሰቅለነው ነበር ማለት ነው።

የትንሽ በቀቀን ጠባይ

በየሱቁ «የማያስቸግር፣ ርካሽ፣ ለልጅ የሚሆን» እየተባለ ስለሚሸጥ፣ ጠባዩን በዝርዝር መናገር ግዴታችን ነው።

አንደኛ፣ ባልንጀራ የሚፈልግ ፍጡር ነው። በዱር የሚበላውም የሚያድረውም ከወገኑ ጋር ነው፤ ላባውን ጓደኛው ያበጥርለታል። ለብቻው የተያዘ ወፍ ሰው ቀኑን ሙሉ አብሮት ካልዋለ በቀር ይተክዛል፤ የገዛ ላባውን እስከ መንቀል ይደርሳል። «ጥንዱ ከሞተ እርሱም የግድ ይሞታል» የሚባለው ግን ተረት ነው። የእኛው ወንዱ የሞተው በሐዘን ሳይሆን ሴቷን በገደላት ነገር መሆኑን አሁን ተረድተናል። በሐዘን ሞተ ብንል ለእኛ ይቀልለን ነበር።

ሁለተኛ፣ ሳንባው እንደ እኛ ሳንባ አይደለም። የወፍ እስትንፋስ በሳንባና በአየር ከረጢቶች በኩል ያለ ማቋረጥ ስለሚያልፍ፣ በአየሩ ውስጥ ያለውን መርዝ ከሰው ይልቅ ፈጥኖ ይስባል። የቡና ቁሌት ጢስ፣ የዕጣን ጢስ፣ የዓረቦቹም ቡኹር፣ ለእኛ ሽታ ነው፤ ለእርሱ ሕመም ነው። ምግብ እንዳይዝ ተብሎ የተቀባ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ደግሞ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። «ወጥ ቤት ውስጥ ወፍ አይሰቀልም» የሚለውን እኅታችን ያስተማረችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ሦስተኛ፣ ዘር ብቻ አይበቃውም። የሱፍ ፍሬ ስብ ነው፤ ወፉ ይወድደዋል፣ ይወፍራል፣ የቫይታሚን ኤ እጥረትም ያገኘዋል። ጎመን፣ ካሮት፣ ፍራፍሬ ያስፈልገዋል። አቮካዶ፣ ቸኮላትና ቡና ግን መርዝ ናቸው።

አራተኛ፣ ምንቃሩ ሦስተኛ እግሩ ነው። በእግሩ ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ አለው፤ ሲወጣም ሲወርድም በምንቃሩ ይቆነጥጣል። የሚያኝከው እንጨት ካልተሰጠው መጽሐፍ፣ መጋረጃ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያኝካል። ይህ ተንኮል ሳይሆን ተፈጥሮው ነው።

አምስተኛ፣ የሚናገር ወፍ የፈለገ ሰው የፍቅር ወፍን ባይገዛ ይሻለዋል። ከትንንሾቹ በቀቀኖች በንግግር የተመሰገነው የአውስትራልያው ባጀሪጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የሞተው ፐክ የተባለው ወፍ 1,728 ቃላት እንደ ነበሩት ተመዝግቧል። አይሪን ፔፐርበርግ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 2007 ያሳደገችው አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን ደግሞ ቃል ከመድገም አልፎ ቀለምን፣ ቅርፅንና ቍጥርን ለይቶ ይመልስ ነበር። «እንደ በቀቀን» የሚለውን ስድባችንን እንድናስብበት የሚያደርገን ይህ ነው።

ስድስተኛ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። በደንብ የተያዘ የፍቅር ወፍ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። የእኛ የትምህርት ፈቃድ ግን ከአራትና ከአምስት ዓመት አያልፍም። ተመርቀን ስንሄድ ለማን እንተወዋለን? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወይ ለሻጩ ይመለሳል፣ ወይ በመስኮት ይለቀቃል፣ ወይም ሥራ የበዛባት አንዲት እኅታችን እንድትይዘው ይሰጣታል።

ሰባተኛ፣ በሽታ ያስተላልፋል። የበቀቀን ትኩሳት የሚባለው ከደረቀ ኵሱ በሚነሣ አቧራ ወደ ሰው ሳንባ ይገባል። በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል፤ ነገር ግን ሐኪሙ ቤታችን ወፍ መኖሩን ካልነገርነው እንደ ተራ ጉንፋን ሊያልፈው ይችላል።

የተሳሳቱ አስተያየቶች

«እኛ ባንገዛው ሌላ ሰው ይገዛዋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ አነጋገር በየትኛውም የንግድ በደል ላይ ሲነገር ሰምተነዋል፤ ስለዚህ አያስደንቀንም። ሻጩ ከአንድ የሽቦ ቤት ሁለት ወፍ ሲሸጥ ለሚቀጥለው ሳምንት አራት ያዝዛል። ከዱር የሚያዝ ወፍ ከወጥመዱ ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ በጥማት፣ በመታፈንና በድንጋጤ ብዙው ይሞታል። እኛ ያየናቸው ሁለቱ ከዚያ ሁሉ የተረፉት ነበሩ።

«በአገሩ ሞልቶ የለም ወይ?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ጥቁር ክንፉ የፍቅር ወፍ ዛሬ ለመጥፋት ተቃርበዋል ከሚባሉት አይቈጠርም። ይህን ደብቀን ልናስፈራራ አንፈልግም። ነገር ግን የሚያድርበት የሽማግሌ ጽድና የሾላ ፍልፍል በየዓመቱ እያነሰ ነው። በብዙ ቦታ ነባሩ ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያንና በመካነ መቃብር ዙሪያ ብቻ ነው። ቤቱ እየጠበበበት ያለን ወፍ፣ ሞልቷል እያሉ መያዝ አርቆ አሳቢነት አይደለም። የዓለም አገሮች በአደጋ ላይ ስላሉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ያወጡት ስምምነት ከጥቂቶች በቀር በቀቀኖችን ሁሉ በቍጥጥር ሥር ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ኢትዮጵያ በ1989፣ ሳዑዲ ዓረብያም በ1996 ስምምነቱን ተቀብለዋል። አሜሪካ በ1992 ባወጣችው ሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2007 ባጸናው እገዳ፣ ከዱር የተያዘ ወፍ ለንግድ እንዳይገባባቸው በራቸውን ዘግተዋል። በአገራችንም አዋጅ ቍጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩ «ከሐበሻ ነው» ሲለን ልባችን ከመሞቁ በፊት «ወረቀቱ የት አለ?» ልንለው ይገባን ነበር። እውነቱን ተናግሮ ከሆነ ንግዱ ሕገ ወጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ዋሽቶን ከሆነም ናፍቆታችንን ነው የሸጠልን።

ሦስተኛው አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ «ናፍቆት ያስታግሳል» የሚለው። ይህን የሚሉትን አንነቅፍም፤ እኛም የገዛነው በዚሁ ምክንያት ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ ያንን ጩኸት በባሕራ አሸዋ መካከል መስማት ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ የእኛን ናፍቆት ለማስታገስ ሌላ ፍጡርን ከአገሩ ማውጣት መድኃኒት ነውን? ከዚህ ይልቅ ናፍቆቱ ሁለት ሆነ እንጂ አልቀነሰም።

በዚህ ረገድ አንድ ጥናት እናንሣ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊልያም ዲልገር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት የፍቅር ወፎችን ስለ ማዳቀሉ ይተርካል። የአንደኛው ዘር ሴት ጎጆ የምትሠራበትን ስንጣሪ በጀርባዋ ላባ ውስጥ ሰክታ ነው የምትወስደው፤ የሁለተኛው ዘር ግን በምንቃሯ ይዛ ትበርራለች። የተወለዱት ዲቃሎች ሁለቱንም ሞከሩ። ስንጣሪውን ከላባቸው ውስጥ ሊሰኩ ይሞክራሉ፤ ይወድቅባቸዋል፤ እንደገና ያነሡታል። በምንቃር መያዝን የለመዱት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከዚያም በኋላ እንኳ ራሳቸውን ወደ ጀርባቸው መለስ ማድረጋቸውን አልተዉም። ይህን ስናነብ አልሳቅንም። በዓረብ አገር፣ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የሚኖር የአገራችን ተማሪ፣ የመጣበትን ልማድና የደረሰበትን አገር ልማድ ይዞ፣ የጀመረውን እየጣለ እንደገና የሚያነሣ መሆኑን ራሱ ያውቀዋል። ወፎቹን ሰው ነው ያዳቀላቸው፤ እኛ ግን ቢያንስ ምን እንደምናደርግ ለማወቅ እንችላለን።

የሹመይሲ ወሰን

ባሕራ ትንሽ ከተማ ብትሆንም ታሪክ አላት። ከጥንት ጀምሮ ከጂዳ ወደ መካ የሚጓዝ መንገደኛ የሚያርፍባት ነበረች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1925 ኢብን ሳዑድና እንግሊዞች በነጅድና በኢራቅ መካከል ድንበር ስለሚሻገሩ ጎሳዎች የተፈራረሙት ስምምነት የባሕራ ስምምነት ይባላል። ከዚህች ከተማ በአሮጌው መንገድ ወደ መካ የሚሄድ ሰው ሹመይሲ ሲደርስ የሐረሙን ወሰን ያገኛል። ከዚያ ወሰን ወዲያ ማደን በሃይማኖቱ ሕግ ክልክል ነው፤ የዱር ወፍን ማስበርገግ እንኳ አይፈቀድም። የመካ ርግቦች ከሰው እግር ሥር ገለል የማይሉት ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ስላልነካቸው ነው።

በዚያው በሹመይሲ ደግሞ ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው እስኪመለሱ የሚያዙበት ማቆያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በተጀመረው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረብያ ተመልሰዋል፤ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙዎች በዚያ ማቆያ አልፈዋል። እዚህ ላይ ወፍንና ሰውን ማመሳሰል አንፈልግም፤ ለወገኖቻችን ክብር አይሆንም። የምንለው ሌላ ነው። ከአገሩ ወጥቶ፣ በሌላ ሰው ፈቃድ መግባትና መውጣት ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ የምናውቅ እኛ፣ በዓርብ ገበያ ላይ የሽቦ በር ስንዘጋ ጥቂት ልናስብ ይገባን ነበር።

እኅታችን ስለ አሠሪዎቿ ወፎች ስትነግረን «እነሱ ዘመድ ካጠገባቸው ሲኖር ነው የሚበሉት። እኔም እናንተ የደወላችሁ ዕለት ነው እራቴን በደንብ የምበላው» ብላናለች። ያን ዕለት የደወልንላት ግን ስለ ወፍ ልንጠይቃት ነበር፤ ከዚያ በፊት ሳንደውል ሁለት ወር አልፎን ነበር። ግለሂሳችን እስከዚህ ድረስ ይደርሳል።

ስምስ የማን ሥራ ነው?

ወደ ተቃወመን ወንድማችን እንመለስ። ስለ ወፍ መነጋገር ቅንጦት ነው ብሏል። እኛ ግን አለመነጋገራችን ያስከፈለንን እንቍጠር እንላለን። የአገራችንን በቀቀኖች የሰየማቸው ስታንሊ ነው፣ ሩፔል ነው። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመውን የኢትዮጵያ አዕዋፍ ዝርዝር ያዘጋጁት ኤርባንና ብራውን ናቸው፤ በ2009 የወጣው ትልቁ የአዕዋፍ አትላስም የአሽና የአትኪንስ ሥራ ነው። ድካማቸውን እናመሰግናለን። ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ባላት አገር ግን ስድስቱን በቀቀኖች ለይቶ የሚጠራ የታወቀ የአማርኛ ስም እንኳ በየትምህርት ቤቱ አልደረሰንም። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ገበሬውና እረኛው የሚጠራባቸው ስሞች ካሉ ሄዶ መጠየቅና መጻፍ የማን ሥራ ነው? የባዮሎጂና የቋንቋ ተማሪ የሆንን የእኛ ሥራ ነው። ለዚህ የመንግሥት በጀት አያስፈልግም፤ በክረምት አገር ቤት የሚሄድ አባል አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃዋል።

የአገሩን ወፍ በስሙ የማያውቅ ምሁር፣ በገበያ ላይ «ይህ የናንተው ነው» ሲሉት የሚታለለው ለዚህ ነው። እኛ የተታለልነው ለዚህ ነው።

ያቀረብናቸው ሐሳቦች

ከዚህ በላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች ለውይይት እናቀርባለን፤

1ኛ/ ማንኛውም የማኅበሩ አባል ከዱር የተያዘ በቀቀን እንዳይገዛ፤ በስጦታም እንዳይቀበል። በሰው እጅ የተፈለፈለ ወፍ ብዙውን ጊዜ በጫጩትነቱ በእግሩ የገባ፣ ያልተቈረጠና ያልተቀጠለ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱና ወረቀቱ ሳይታይ ምንም እንዳይገዛ።

2ኛ/ ከአገር ቤት ስንመለስ በሻንጣም ሆነ በካርቶን ወፍ ይዘን እንዳንመጣ፤ አምጡልን የሚሉንንም እንቢ እንድንል።

3ኛ/ አሁን በእጃቸው ወፍ ያላቸው አባላት እንዳይለቅቁት። የለመደ ወፍ ከተለቀቀ ወይ ይሞታል፣ ወይም እንደ ጂዳው ጅራተ ረጅም በማያውቀው አገር ተራብቶ የአገሩን ወፍ ዋሻ ይቀማል። ከጢስና ከሙቀት አርቀው፣ ሰፊ ቤትና ባልንጀራ ሰጥተው፣ ቅጠልና ፍራፍሬ እየመገቡ ይያዙት። ከመመረቃቸው በፊትም የሚረከበውን ሰው ይፈልጉ።

4ኛ/ ስለ አያያዙ በዚህ ዕትም የጎደለውን የሚያሟላ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ፤ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንም የሚያውቁትን እንዲነግሩንና ስማቸው ሳይጠቀስ በጽሑፉ እንዲገባ።

5ኛ/ የአዕዋፍን ስም በየቋንቋችን የሚሰበስብ ትንሽ ቡድን እንዲቋቋምና፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር በደብዳቤ እንዲገናኝ።

የሽቦ ቤቱ ዛሬም እኛ ዘንድ አለ። ወፍ አላስገባንበትም፤ ለመጣልም አልቻልንም። በሩን ከፍተን መጻሕፍት ደርድረንበታል፤ ቡና የምንቆላውም አሁን በረንዳ ላይ ነው። ጂዳ ያለችውን እኅታችንን በየሳምንቱ ዓርብ እንደውልላታለን። በመጀመሪያ የምንጠይቃት ግን ስለ ራሷ ነው።

የተቃወመን ወንድማችንም መልሱን በሚቀጥለው ዕትም እንዲጽፍ በአክብሮት እንጋብዘዋለን። ተሳስተን ከሆነ እንታረማለን፤ ትክክል ከሆንን ደግሞ ጭብጨባውን ሳይሆን ድምፁን ነው የምንፈልገው። ውይይቱ ይቀጥል።